የሮኬት አካሄድ፦ ከጦር ውርወራ እስከ አሮጌ ሜዳ

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አገጣጥማችሁ ይህን ገጽ ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ብሎናል። በሬዲዮ የሰማችሁትን ንግግር እነሆ አሁን በጽሑፍ ታገኙታላችሁ። ያልገባችሁ ቦታ ቢኖር ተመልሳችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሮኬት ነው። «እኛንና ሮኬትን ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ሮኬት አገራችንን ከረገጠ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጣውም ለመልካም አልነበረም። እንዴት እንደ መጣና ቀጥ ብሎ እንዲበር ያደረገው ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። በዚህ ንግግር ውስጥ «ዓ.ም.» ስንል በእኛ አቆጣጠር ነው። «እ.ኤ.አ.» ስንል ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለታችን ነው።

ሮኬት ምንድን ነው?

ሮኬት ማለት ከፊቱ የተደፈነ፣ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ቀፎ ነው። በውስጡ የሚነድ ነገር ይታጨቃል። ያ ነገር ሲነድ ብዙ ትኩስ ጢስ ይፈጥራል። ጢሱ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ቀፎው ወደ ፊት ይወነጨፋል። በበዓል ቀን በከተማ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ርችት የሮኬት ታናሽ ወንድም ነው።

እስቲ ፊኛን አስቡ። ልጆች ፊኛ ነፍተው አፉን ሳያስሩ ሲለቁት ምን ይሆናል? በኃይል ይነሣል። ቀጥ ብሎ ግን አይሄድም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሲዞር ይቆይና መሬት ይወድቃል። ጉልበት አለው፤ አቅጣጫ የለውም። የሮኬት ሠሪዎችም ትልቁ ችግር ይኸው ነበር። ቀጥ አድርጎ ማስኬዱ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቷል።

የጦር ወርዋሪው ዕውቀት

አባቶቻችን ሮኬት አልሠሩም። ነገር ግን አንድ ረጅም ነገር በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገውን ምሥጢር እጃቸው ያውቀው ነበር። ጦርን አስቡ። ብረቱ የት ነው? ከፊት ነው። እንጨቱስ? ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከኋላ ይከተላል። ብረቱን ከኋላ አድርጎ ጦር የሚወረውር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም።

ይህን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በወንበርማ የበቆሎ አገዳ አይጠፋም። የደረቀ አገዳ አንሡና እንደ ጦር ወርውሩት። በአየር ላይ ይዋልላል፤ አንዳንዴም ይገለበጣል። አሁን በአንደኛው ጫፍ ላይ እፍኝ የማትሞላ ጭቃ ለጥፉ። በሌላው ጫፍ ጥቂት ቅጠል እሰሩ። ከዚያም ጭቃውን ወደ ፊት አድርጋችሁ ወርውሩት። ጭቃው እየመራ፣ ቅጠሉ እየተከተለ ይሄዳል። ቅጠሉን ወደ ፊት አድርጋችሁ ብትወረውሩት ደግሞ በመንገድ ላይ ይዞርና ጭቃው ወደ ፊት ይመጣል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሁለት ነጥቦችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የክብደት ነጥብ ነው። አገዳውን በአንድ ጣት ላይ አጋድሙትና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ያ ቦታ የክብደት ነጥቡ ነው። በአየር ላይ ያለ ነገር ሲዞር በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው የሚዞረው።

ሁለተኛው የነፋስ ነጥብ ነው። የሚሄደው ነገር ወደ ጎን ሲያዘነብል አየር ይገፋዋል። ግፊቱ ሁሉ ተደምሮ የሚያርፍበት ቦታ የነፋስ ነጥብ ይባላል። ቅጠል ሰፊ ስለሆነ ብዙ ነፋስ ይይዛል። ስለዚህ የነፋስ ነጥቡ ወደ ቅጠሉ ይጠጋል።

ሕጉ አጭር ነው። የክብደት ነጥብ ከፊት፣ የነፋስ ነጥብ ከኋላ ይሁን። እንዲህ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ጎን ሲያዘነብል ነፋሱ ጭራውን ገፍቶ ያስተካክለዋል። የነፋስ ነጥቡ ከፊት ከሆነ ግን ነፋሱ መዛነፉን ያብሰዋል፤ ያገለብጠዋልም። ይህን ሕግ ያዙ። ከእንግዲህ የምንነግራችሁ ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከቻይና እስከ እንግሊዝ

ባሩድን መጀመሪያ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በባሩድ ጉልበት የሚወነጨፉ የእሳት ቀስቶችን ለጦርነት ይጠቀሙ ነበር። ባሩድ የታጨቀበትን ቀፎ ከረጅም ዘንግ ጋር ያስሩታል። ዘንጉ ከኋላ እየተከተለ ቀፎውን ያቀናዋል። የበቆሎ አገዳውና ቅጠሉ የሠሩት ሥራ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በደቡብ ሕንድ በማይሶር መንግሥት ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን ቀፎውን ከብረት አሠሩት። ብረት የባሩዱን ግፊት ስለሚችል ሮኬቱ ርቆ ሄደ። ጭራው ግን ያው ቀርከሃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1780 በፖሊሉር በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝን ጦር በነዚህ ሮኬቶች አስጨነቁት።

እንግሊዞች የተመቱበትን መሣሪያ ወሰዱና መረመሩት። ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1804 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየለካና እየሞከረ የራሱን ሮኬት ሠራ። ከትልልቆቹ ሮኬቶቹ የአንዱ ዘንግ 4 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝም ነበር። ይህ ዘንግ ሮኬቱን ቢያቀናም ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ለመሸከም አያመችም። ሁለተኛ፣ ከጎን ነፋስ ሲመጣ ረጅሙ ጭራ ነፋሱን ይይዝና ሮኬቱን ያስታል። ስለዚህ የሮኬቱን መውደቂያ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም።

የእንዝርት ምሥጢር

እ.ኤ.አ. በ1844 ዊልያም ሄል የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ዘንጉን አስወግዶ አዲስ መንገድ አመጣ። ሮኬቱ እየሾረ እንዲሄድ አደረገው።

እናቶች ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እንዝርት ቆማ ቆይ ቢሏት አትቆምም፤ ትወድቃለች። ስትሾር ግን ቀጥ ትላለች። ብትነኳት እንኳ ትንገዳገድና ትመለሳለች። መሾሯን ስትጨርስ ትወድቃለች። የሚሾር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለውጥም።

ሄል ይህን በሮኬት ላይ አዋለው። በኋላ በተሻሻለው ሮኬቱ፣ ጢሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ሦስት የተጠማዘዙ ብረቶች ነበሩ። ጢሱ ሲወጣ እነሱን እየገፋ ሮኬቱን ያሾረዋል። ከዚያ ወዲህ ዘንግ ተሸካሚ አላስፈለገም። አጭሩን ሮኬትና መተኮሻውን ቧንቧ በበቅሎ ጭኖ ገደልና ዳገት መውጣት ተቻለ። የእንግሊዝ ጦር የሄልን ሮኬት በይፋ የተቀበለው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ሮኬቱ በኛ አገር ተራራ ላይ ተተኮሰ።

አሮጌ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነገሡት ዓፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ዓፄ ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አላገኙም። በዚህና በሌላም ምክንያት ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በኋላም ጥበበኞችና የሥራ መሣሪያ እንዲላክላቸው ጠይቀው ነበር።

በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ አውሮፓውያን ጥበበኞች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ ይሠሩላቸው ነበር። ከመድፎቹ ትልቁ «ሴባስቶፖል» ይባላል። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቶ ደረሰ። ያን መድፍ የጎተተውን ሰው ድካም አስቡት።

የታሰሩትን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ በመርከብ ተሳፍሮ በዙላ ወረደ። ወታደሩ 13 ሺህ ያህል ነበር። ከሱ ጋር የመርከበኞች የሮኬት ክፍል ነበረ። ክፍሉ 12 የሮኬት መተኮሻ ቧንቧዎችን በበቅሎ ጭኖ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዓርብ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ በፋላ ኮረብታ ላይ መድፎቻቸውን አሰልፈው ቆሙ። ከሰዓት በኋላ በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመሩ ብዙ ሺህ ወታደሮች ከኮረብታው ወደ አሮጌ ሜዳ ወረዱ። ጦር፣ ጋሻ፣ ጎራዴና ከአፉ የሚጎረስ ጠመንጃ ይዘዋል። ከላይ ከፋላ የተተኮሱት የመድፍ ጥይቶች አብዛኞቹ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፉ። መርከበኞቹም ሮኬታቸውን ለኮሱ።

የዓይን ምስክሮች እንደ ጻፉት፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች እየጮኸና እየጨሰ የሚመጣውን ነገር ሲያዩ መጀመሪያ ደንገጥ አሉ። ወዲያው ግን ተበረታተው ወደ ፊት ገፉ። ጥቂት ሮኬቶች ወደ ፋላም ተተኩሰው፣ አንዱ ንጉሡ ከቆሙበት ብዙ ሳይርቅ እንደ ወደቀ ተጽፏል።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ብዙውን ሰው የገደለው ሮኬቱ አይደለም። የእንግሊዝ እግረኛ ጦር አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ይህ ጠመንጃ ከኋላው እየጎረሰ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። አያቶቻችን በኋላ «ስናድር» ያሉት እሱን ነው። ልብ በሉ፤ የስናድር አፈሙዝ በውስጡ የተጠማዘዘ ቦይ አለው። ጥይቱ በቦዩ ውስጥ ሲያልፍ ይሾራል፤ ሲሾርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በአሮጌ ሜዳ ላይ ሮኬቱም ጥይቱም በአንድ ሕግ፣ በእንዝርት ሕግ ነበር የሚበሩት።

ዝናብና ነጐድጓድ እየወረደ ውጊያው እስከ ምሽት ቀጠለ። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው እንደ ሞተና 1,200 ያህል እንደ ቆሰለ ይገመታል። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆሰለ፤ ከነዚያ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ ተያዘች። ዓፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው፣ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጀግንነት አልጎደለም። ጉልበትም አልጎደለም፤ 70 ኩንታል መድፍ በሰው ትከሻ ተራራ ወጥቷል። በእጅ ያለው ዕውቀትም ነበረ። ጦር ወርዋሪው ክብደት ከፊት መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ፈታይዋም የሚሾር ነገር ቀጥ እንደሚል ታውቅ ነበር። ነገር ግን የሕንዱ ሮኬት ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ተለካ፣ ተሞከረ፣ በወረቀት ሰፈረ። ኮንግሪቭ የጻፈውን ሄል አሻሻለው። የተጻፈ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው፣ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል።

የአክስቱ ጎመን ማሳ

የተማረ ሰውም ቢሆን ስለ ሮኬት ይሳሳታል። ሮበርት ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. በአክስቱ እርሻ ላይ አንዲት ሮኬት አስነሣ። በፈሳሽ ነዳጅ የበረረች የመጀመሪያዋ ሮኬት እሷ ናት። ወደ ላይ 12 ሜትር ተኩል ያህል ወጣች። በሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ በረራዋን ጨርሳ ጎመን ማሳ ውስጥ ወደቀች።

ጎዳርድ ሞተሩን ከላይ፣ ነዳጁን ከታች አድርጎት ነበር። «ሞተሩ ከፊት ሆኖ ከጎተታት ቀጥ ብላ ትሄዳለች» ብሎ አስቦ ነው። እናንተም በሬ ከፊት ሆኖ ሞፈር ስለሚጎትት እንዲህ ልታስቡ ትችላላችሁ። ግን በሬ የራሱ ዓይንና እግር አለው፤ ሞፈሩ ቢያዘነብል በሬው አብሮ አያዘነብልም። የሮኬት ሞተር ግን ከሮኬቱ አካል ጋር የተጣበቀ ነው። ሮኬቱ ሲያዘነብል ሞተሩም ያዘነብላል፤ ወደ ተሳሳተውም አቅጣጫ ይጎትታል። ስለዚህ ሞተሩ ከፊት መሆኑ ብቻውን አያቀናውም። ጎዳርድ ይህን ሲረዳ ሞተሩን ወደ ታች አወረደ። ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላም እንደ እንዝርት የሚሾር መሣሪያ በሮኬቱ ውስጥ አስገባ። መሣሪያው ሮኬቱ ሲያዘነብል ያውቃል፤ ጢሱ ውስጥ ያሉትን መቅዘፊያዎችም አዙሮ ያቀናዋል። የዛሬዎቹ ትልልቅ ሮኬቶች የሚመሩት ከዚህ ሐሳብ በተነሣ ዘዴ ነው።

በእጃችሁ ሞክሩት

አሁን ደግሞ ከልጆቻችሁ ጋር ልትሠሩት የምትችሉትን ትንሽ ሮኬት እንንገራችሁ። ባሩድ፣ ክብሪት፣ ጋዝና ቤንዚን ፈጽሞ አያስፈልግም፤ አትንኩትም። የሚሠራው በውኃና በአየር ነው።

ጋዝ ያለው የለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጉ። ስሱ የውኃ ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል አይሁን። ብርጭቆ ጠርሙስማ ከቶ አይነካም። ጠርሙሱን ገልብጡት፤ አፉ የሮኬቱ ኋላ፣ ቂጡ የሮኬቱ ፊት ይሆናል። ከካርቶን ሦስት ወይም አራት እኩል ክንፎች ቆርጣችሁ በአፉ በኩል ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉ። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ፤ አንዱ ከተጣመመ ሮኬቱ ይጠመዘዛል። በፊቱ በኩል ከወረቀት ቆብ ሠርታችሁ፣ በውስጡ ጥቂት ጭቃ አድርጋችሁ አጥብቁት።

ከመተኮሳችሁ በፊት ፈትኑት። ሮኬቱን በክብደት ነጥቡ ላይ በሲባጎ እሰሩና ሜዳ ላይ ሆናችሁ በራሳችሁ ዙሪያ አዙሩት። ፊቱ እየመራ ከዞረ መልካም ነው። ጭራው ከመራ ወይም ከተገለባበጠ፣ ከፊት ጭቃ ጨምሩ ወይም ክንፎቹን አስፉ። ክንፉን ከልክ በላይ ማስፋት ግን እንደ ኮንግሪቭ ዘንግ ነው፤ የጎን ነፋስ ይይዝና ሮኬቱን ወደ ነፋሱ ይመልሰዋል።

ከዚያ የጠርሙሱን ሲሶ ውኃ ሙሉት። አፉን በቡሽ ወትፉ። በቡሹ መካከል የኳስ መንፊያ መርፌ አሳልፋችሁ ከብስክሌት መንፊያ ጋር በረጅም ቱቦ አገናኙት። አንድ ነገር አስታውሱ። ሮኬቱ ሲነሣ ገና ፍጥነት ስለሌለው ነፋሱ ክንፎቹን አይረዳቸውም፤ ውኃውም ከታች ስለሆነ ኋላው ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚደግፉት ቀጥ ብለው የተተከሉ ሦስት እንጨቶች ያስፈልጉታል። በእንጨቶቹ መካከል አቁሙትና አዋቂ ሰው ራቅ ብሎ ይንፋ። ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ አይመልከተው። ግፊቱ ሲበዛ ቡሹ ይወጣል፤ ሮኬቱም ውኃውን ወደ ታች እየረጨ ይነሣል።

ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ ይሁን። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ያያችሁትን ጻፉ። «ጭቃ ጨመርን፤ ቀጥ አለ።» «አንዱ ክንፍ ተጣሞ ነበር፤ ዞረ።» ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። ነገ ጎረቤታችሁ ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ የተሻለ ይሠራል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተነሥታ ወደ ሰማይ ወጣች። ክብደቷ 72 ኪሎ ነበር፤ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ለግብርናና ለአየር ጠባይ ጥናት ምድራችንን ከላይ እንድታይ ነበር የተላከችው። የተሸከማት ሮኬት ግን የቻይናውያን ነበር። በአሮጌ ሜዳ ሮኬት ወደኛ ተተኮሰ። በ2012 ዓ.ም. በሰው ሮኬት የራሳችንን ዕቃ ላክን። ቀሪውን መንገድ የሚሄዱት ዛሬ በጠርሙስና በጭቃ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጦር ብረት ከፊት የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. እንዝርትና የስናድር ጥይት በምን ይመሳሰላሉ?
3. ጎዳርድ ሞተሩን ከላይ ማድረጉ ለምን አልጠቀመውም?
4. በአካባቢያችሁ በእጅ የሚታወቅ፣ ገና ያልተጻፈ ምን ዕውቀት አለ? በደብተራችሁ በሦስት መስመር ጻፉት።